ከቀኑ 9 ሰዓት፣ መግቢያ በነጻ

ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ ታክሲ የሚጠበቅበት ቦታ ላይ፣ አንድ የመብራት ምሰሶ አለ። የማይለጠፍበት ነገር የለም። ሰሞኑን ከላይ «የሚከራይ ክፍል አለ»፣ ከታች «ቤት ለቤት እናስጠናለን» የሚሉ ወረቀቶች ተለጥፈውበታል፤ በሁለቱ መካከል መዳፍ የምታህል ወረቀት ተሸጉጣለች። «የኪነ ጥበብ ሳምንት። ንግግርና ሙዚቃ። በየቀኑ ከቀኑ 9 ሰዓት። መግቢያ በነጻ።» ከምሰሶው ሥር የተቀመጠች ቆሎ ሻጭ ቆሜ ሳነብ አየችኝና፣ «እትዬ፣ በነጻ የሚሰጡት ምንድን ነው?» አለችኝ።

«ንግግርና ሙዚቃ ነው።»

ትንሽ አሰበች። «እሱንማ ማን ይጠላል» አለችና ቆሎዋን መስፈር ቀጠለች።

መልሷ ቀኑን ሙሉ አብሮኝ ዋለ። ማን ይጠላል? «ነጻ» የሚለው ቃል በግዕዙ ከንጽሕና ጋር ሥሩ አንድ ነው። ከእስር የተፈታውን ነጻ ወጣ እንላለን፤ ከወንጀል የራቀውን ነጻ ነው እንላለን፤ ዋጋ የማይጠየቅበትንም በነጻ እንላለን። ዋጋ የሌለው ነገር ክብር የለውም ብለው የሚከራከሩ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ ቲኬት ይቆረጥ፣ ጥቂትም ቢሆን ይከፈል፣ ሰው የከፈለበትን ነው የሚያከብረው ይላሉ። አልቀበለውም። እዚህ አገር ከትምህርት ሁሉ የከበረው ትምህርት ለብዙ መቶ ዓመታት አልተሸጠም። የቅኔ ተማሪ ለምዱን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከውሻ እየታገለ በየደጁ ለምኖ ይበላ ነበር እንጂ ለየኔታው የሚከፍለው ገንዘብ አልነበረውም። የኔታም አልጠየቁትም። ጎጃም ውስጥ ከአንድ ዛፍ ሥር የተቀመጡ መምህር ለ40 ተማሪ የሚዘርፉት ቅኔ በገበያ ዋጋ ቢተመን ማን ይገዛው ነበር?

ደግሞ ቅኔ የሚሰማ ነገር ነው። አንዴ ይባላል። በዕለቱ ተገኝቶ የሰማ ሰማ፤ ያልተገኘ ቀረበት። ባለቅኔው ሲጨርስ ማኅበሩ «ይበል!» ይለዋል፤ ይበል የተባለ ቅኔ ከሰው ጆሮ ወደ ሰው ጆሮ ይሄዳል፤ ይበል ያልተባለው እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ አዳራሽ ገብቶ አንድ ሰው ሲናገር፣ ሌላው ሲጫወት መስማት ከውጭ የመጣ ልማድ አይመስለኝም። ወንበሩ ነው የተለወጠው።

ሰዓቱም ያለ ምክንያት የተመረጠ አልመሰለኝም። ወሩ መጋቢት ነው፤ ዐቢይ ጾም። በጾም ከቅዳሜና እሑድ በቀር ቅዳሴው ከሰዓት ነው፤ ጾመኛውም 9 ሰዓትን ይጠብቃል። በዚያ ሰዓት ከአምስት ኪሎ ቅድስት ማርያም ነጠላቸውን አደግድገው የሚወጡ እናቶች ዳገቱን ይዘው ይመጣሉ። ከእነሱ ጋር ከትምህርት ቤት የተለቀቁ ልጆች፣ ሥራ ያጡ ወጣቶች፣ ጡረታቸውን ሊቀበሉ ወጥተው ቤት ለመግባት ያልቸኮሉ ሽማግሌዎች ይቀላቀላሉ። የምሽት ዝግጅት እነዚህን ሰዎች አያገኛቸውም። ሲመሽ ታክሲ ይጠፋል፤ ሴት ልጅ ብቻዋን ትፈራለች፤ እናት እራት ልትሠራ ትሄዳለች። የከሰዓት ጆሮ የሌላ ሰው ጆሮ ነው፤ ገና ሳልገባ እሱን አሰብኩ።

በስድስት ኪሎው የዩኒቨርሲቲ ግቢ በር ላይ ጥበቃዎቹ ቦርሳ ይፈትሻሉ። ወንድ በቀኝ፣ ሴት በግራ። ከፊቴ የነበረች እናት ከነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን ፈታ ለማሳየት ስትሞክር ፈታሿ እጇን ያዘቻትና «ተይው እናቴ፣ ግቢ» አለቻት። ይህን አየሁና ሌላ ከተማ፣ ሌላ ግቢ፣ ከዓመታት በፊት ያየሁትን አስታወስኩ። እዚያም ወረቀቱ በነጻ ይል ነበር። በሩ ላይ ግን መታወቂያ ተጠየቀ፤ መታወቂያ የሌላት አንዲት ልብስ አጣቢ ወረቀቱን በእጇ ይዛ ተመለሰች። ማንበብ ስለማትችል ሰው ያነበበላት መሆኑን የነገረችኝ ወደ ውጭ ተከትያት ወጥቼ ሳነጋግራት ነው። ተናግሬ የምረሳው ነገር አይደለም። በነጻ የሚለውን ቃል የሚጽፈው የዝግጅት ኮሚቴ ነው፤ ቃሉን እውነት የሚያደርገው ግን በሩ ላይ የቆመው ሰው ነው።

ወደ ውስጥ ስዘልቅ ሁልጊዜ እንደማደርገው በደረጃው በኩል ዞርኩ። ከገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት፣ ሣሩ ላይ፣ ወደየትም የማያደርስ ጠመዝማዛ የሲሚንቶ ደረጃ አለ። ጣልያኖች የሠሩት ነው፤ ፋሽስቶች ሥልጣን ከያዙበት ከ1922 እ.ኤ.አ. አንሥቶ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ፣ 14 እርከን። ነጻነት ሲመለስ ከጫፉ ላይ ትንሽ አንበሳ ተቀመጠችበት፤ አሁንም እዚያው አለች። ተማሪዎች ከሥሩ ተቀምጠው ይጠባበቃሉ፤ ፎቶ ይነሣሉ፤ አንዷ ማስታወሻዋን ደግፋበት ትጽፍ ነበር። የድል ምልክት እንዲሆን የተሠራ ደረጃ የልጆች መቀመጫ መሆኑ ደስ ይለኛል።

የዚህን ግቢ ታሪክ ሳላስብ አልፌ አላውቅም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የፋሽስቱ እንደራሴ ግራዚያኒ የጣልያን ንጉሥ የልጅ ልጅ መወለድን ምክንያት አድርጎ የከተማውን ድሆች ወደዚህ ግቢ ጠርቶ ነበር። በነጻ የሚሰጥ ነገር አለ ተብለው ነው የመጡት፤ ምጽዋት። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወረወሩ፤ ከዚያ በኋላ በተሰበሰበው ድሃ ላይ ተተኮሰ፤ ከተማዋም ሦስት ቀን ደም ጠጣች። ከበሩ ውጭ ያለው ሐውልት የቆመው ለእነሱ ነው። ደግሞ በታኅሣሥ 1953 በመፈንቅለ መንግሥቱ ጊዜ፣ በዚሁ ቤተ መንግሥት አረንጓዴ ሳሎን ውስጥ ታግተው የነበሩ መሳፍንትና ሚኒስትሮች በጥይት ተመቱ። ዓመት ብቻ ቆይቶ፣ በ1954፣ ንጉሠ ነገሥቱ ቤታቸውን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡ። አልጋቸው የነበረበት ክፍል ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም አካል ነው።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ሐዘን ለመቀስቀስ አይደለም። ከዚህ በር በነጻ ግቡ ተብሎ የተጠራ ሰው አንድ ጊዜ ምን እንደደረሰበት ስለማውቅ፣ ያቺ እናት «ተይው፣ ግቢ» ስትባል ስሰማ በውስጤ የሆነው ነገር ትልቅ ስለነበረ ነው።

አዳራሹ ራስ መኮንን ነው። የፊተኛው ረድፍ ወንበር «ለክብር እንግዶች» የሚል ወረቀት ተለጥፎበት ባዶ ነበር። ሰው ከሁለተኛው ረድፍም ሸሽቶ ከኋላ ይጀምራል፤ መጀመሪያ የሚሞሉት የግድግዳ ጥግ ወንበሮች ናቸው። ከመስኮቱ አጠገብ ተቀመጥኩ። ጥቂት ቆይተው ጋቢ የደረቡ፣ ጥቁር ጃንጥላ የያዙ ሽማግሌ መጡና አጠገቤ ቆሙ።

«ልጄ፣ ይቺ ወንበር ሰው አላት?»

«የላትም አባቴ፣ ይቀመጡ።»

ተቀመጡና ጃንጥላቸውን በጉልበታቸው መካከል አቆሙት። «ምንድን ነው የሚባለው ዛሬ?»

«ስለ ቅዱስ ያሬድ ዜማ ነው። ስለ ምልክቶቹ።»

«እ...» አሉና ዝም አሉ። ያቺን «እ» እዚህ ላይ በፊደል መጻፍ አቃተኝ፤ ረዘም ያለች፣ ወደ ታች የምትወርድ፣ ሰው ያገሩን ስም ሲሰማ የሚያወጣት ዓይነት ናት።

ተናጋሪው ወጣት ነው፤ የሙዚቃ መምህር። አንድ የብራና ገጽ ፎቶግራፍ ግድግዳው ላይ አበራ። ከፊደሉ በላይ በቀጭኑ የተሰነዘሩ ነጠብጣቦች፣ ሰረዞችና ቅስቶች አሉ። አንድ በአንድ ጠራቸው፤ ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ደረት። ስምንት ናቸው፤ በኋላ ድርስና አንብር ተጨምረዋል። ሊቃውንቱ እያንዳንዱን ከጌታ መከራ ጋር ያያይዙታል፤ ይዘት የመያዙ፣ ጭረት የግርፋቱ ሰንበር፣ ርክርክ የደሙ መንጠባጠብ ምሳሌ ነው ይላሉ። በሰሙነ ሕማማት ዋዜማ ላይ ሆኖ ይህን የሰማ አዳራሽ ጸጥ አለ። ከኋላዬ የነበረች እናት ከንፈሯን መጠጠች።

ከዚያ ወጣቱ አንድ ነገር ተናገረ፤ ለዚህ ጽሑፍ ያነሣሣኝ እሱ ነው። ያሬድ የ6ኛው መቶ ዘመን ሰው ነው። ምልክቶቹ ግን ሥርዓት ይዘው የተዘጋጁት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በ16ኛው መቶ ዘመን፣ በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደሆነ ይነገራል። በመካከሉ አንድ ሺህ ዓመት አለ። በዚያ ሺህ ዓመት ውስጥ ዜማው የት ነበረ? ብራና ላይ አልነበረም። ጆሮ ውስጥ ነበረ። መምህሩ አዜመ፣ ተማሪው ሰማ፤ ተማሪው መምህር ሆነና አዜመ፣ ሌላው ሰማ። መጽሐፍ ሲቃጠል፣ ደብር ሲፈርስ፣ መንገድ ሲዘጋ ይህ ሰንሰለት አልተበጠሰም። አንድ ትውልድ ብቻ «ዛሬ አልሰማም» ቢል ኖሮ እኛ ዛሬ ምንም አልነበረንም።

ስለ ያሬድ ሁላችንም የምናውቃት ታሪክ አለች። በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር ንጉሡ በተመስጦ የያዙትን ጦር በእግሩ ላይ ተከሉት፤ ደሙ ፈሰሰ፤ ዘማሪውም ንጉሡም አላወቁም። ሥዕሉ በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ አለ። ከልጅነቴ ጀምሮ ያየሁት የያሬድን እግር ነበር። ያን ቀን ግን ወንበሬ ላይ ሆኜ ያሰብኩት ንጉሡን ነው። ጦር በእጁ የያዘ፣ መንግሥት የሚያስተዳድር ሰው፣ ክንዱ ምን እንደሠራ እስኪዘነጋ ድረስ ሰማ። ታሪኩ ስለ ዘማሪው ብቻ አይደለም፤ እኩሌታው ስለ አድማጩ ነው።

ወጣቱ አንዲት መስመር ሊያሰማን በራሱ ድምፅ አዜመ። ድምፁ ደህና ነው፤ የተማረ ድምፅ። ያኔ ነው አጠገቤ ያለውን ጃንጥላ ያየሁት። ሽማግሌው አልተንቀሳቀሱም፤ አንገታቸውም ቀጥ እንዳለ ነው። ጃንጥላው ግን ከወለሉ ብድግ ይላል፣ ወደ ግራ ዘንበል፣ ወደ ቀኝ ዘንበል፣ መልሶ ወለሉን ይነካል። መቋሚያ ነው። ሦስት ወንበር ወዲያ የሌላ አዛውንት እጅ ባዶውን እንዲሁ ይወዛወዝ ነበር። ከኋላ በኩል በአፍንጫ የሚወጣ ዝቅ ያለ ድምፅ ሰማሁ፤ ማን እንደሆነ አላወቅኩም፤ ወጣቱን እየተከተለ ነበር። አዳራሹ ውስጥ ስንት ማኅሌት የቆመ ሰው ተቀምጦ እንደነበር ማንም አላወቀም፤ ስም ዝርዝር አልተያዘም፤ ግብዣ አልተጻፈላቸውም። የመጡት በሩ ክፍት ስለነበረ ነው።

ሙዚቀኛው ሙላቱ አስታጥቄ ደጋግሞ የሚያነሣው ነገር አለ፤ የእኛ ሊቃውንት በመቋሚያ ማኅሌቱን ሲመሩ የኖሩት አውሮፓ የኦርኬስትራ መሪዋን በትር ከማስያዟ በፊት ነው ይላል። በ2007 እና 2008 እ.ኤ.አ. በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ራድክሊፍ ተቋም በቆየበት ጊዜ የደከመበት አንዱ ሥራ በያሬድ ላይ የተመሠረተ ኦፔራ ነበር፤ ከፊሉም እዚያው ተደመጠ። ባሕር ማዶ አሜሪካ ውስጥ የተሰማው ያ ሥራና እዚህ ራስ መኮንን አዳራሽ ውስጥ ወለል የነካው ያ ጃንጥላ አንድ ዘር ናቸው።

የጥያቄ ጊዜ ሲደርስ አንድ ሰው ተነሣ። «ዕድሉን ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ። የእኔ ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው» አለ። ተማሪዎቹ ተያዩ። ሰውዬው ስለ ልጅነቱ ደብር፣ ስለ አንድ የሞቱ መሪጌታ፣ ስለ ተሰረቀ ድጓ፣ ስለ መንገድ መበላሸትም ጭምር ተናገረ። አወያይዋ ሁለት ጊዜ ሰዓቷን አየች፤ ግን አላቋረጠችውም፤ አመሰገንኳት በልቤ። እንዲህ ያለ ሰው በየስብሰባው አለ፤ ብዙዎች ይሰለቹታል። እኔ እወደዋለሁ። ይህ ሰው ሲናገር ሰው ሁሉ ዝም ብሎ የሚሰማው በዓመት ስንት ቀን ነው? መሥሪያ ቤት ሄዶ «ነገ ና» ይባላል፤ ቤቱ ልጆቹ ስልካቸው ላይ ናቸው። እዚህ ማይክሮፎን ሰጡት። የሞቱት መሪጌታ ስም በዚያ አዳራሽ ተጠራ።

መስማት ሲነሣ ይህ ዩኒቨርሲቲ ራሱ ያሳለፈውን አለማንሣት አይቻልም። በ1950ዎቹ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ «የኮሌጅ ቀን» የሚባል በዓል ነበር፤ ተማሪዎች ግጥም ይወዳደሩበታል፤ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ተገኝተው ያዳምጡ ነበር። በ1953 ታምሩ ፈይሳ «ደሃው ይናገራል» የሚለውን ግጥሙን አቀረበ። ርእሱ ብቻውን ይበቃል። መናገር ያልለመደው ሊናገር ነው፤ መስማት ያልለመደው ደግሞ ፊት ለፊት ተቀምጧል። ከዚያ ወዲያ በቤተ መንግሥቱና በግጥም መድረኩ መካከል ያለው ነገር እየሻከረ ሄደ። በ1959 ኃይሉ ገብረ ዮሐንስ፣ ገሞራው የምንለው፣ «በረከተ መርገም»ን ይዞ ሲመጣ ግጥሙ ከአዳራሽ አልፎ አገር አዳረሰ። ልጅ ሳለሁ አጎቴ ረጅም ረጅም ስንኝ በቃሉ ይወጣው ነበር፤ የታተመ መጽሐፍ አልነበረውም። ሰምቶ ነው የያዘው።

እነዚያ ወጣቶች የተናገሩት ለሽልማት ብቻ አልመሰለኝም። የሚሰማ ሰው ፊታቸው ስላገኙ ነው። ዐፄ ገብረ መስቀልን እያሰብኩ ስለነበረ ይሆናል፣ ሁለት ንጉሥ በዓይኔ መጡብኝ፤ አንዱ እየሰማ ጦሩን የረሳ፤ አንዱ ለጥቂት ዓመት ሰምቶ መስማቱ የከበደው። የመጀመሪያው አፈ ታሪክ ነው፤ ሁለተኛው በአባቶቻችን ዕድሜ የሆነ ነው። ምናለ መስማቱን ቢቀጥሉ ኖሮ እያልኩ እቆጫለሁ። የሚቀጥለውን ዓመት ግጥም፣ የዚያ የሚቀጥለውን፣ እየመረራቸውም ቢሆን።

በመካከል ሻይ ነበር። በትልቅ ፔርሙስ፣ ከጾም ዳቦ ቆሎ ጋር። ተማሪዎች ናቸው የሚቀዱት። ሽማግሌው ጃንጥላቸውን እኔ ዘንድ ትተው ሄዱና ሁለት ብርጭቆ ይዘው ተመለሱ፤ አንዱ ለእኔ ነበር።

ሙዚቃውን ያቀረቡት የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ናቸው። አሸናፊ ከበደ የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆኖ ካቋቋመው ጊዜ ጀምሮ የትምህርት ቤቱ ልጆች ከፒያኖው፣ ከቫዮሊኑ ጎን ክራሩን፣ ማሲንቆውን፣ ዋሽንቱን ይማራሉ። ትምህርት ቤቱ በእስክንድር ቦጎሲያን ስም በተጠራው ኮሌጅ ሥር ከአለ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትና ከዮፍታሔ ንጉሤ የቴአትር ትምህርት ቤት ጋር አንድ ላይ ሆኖም ቆይቷል። ፒያኒስቱ ግርማ ይፍራሸዋ ወደ ፒያኖ ከመምጣቱ በፊት ክራር ተጫዋች የነበረ ልጅ ነው፤ ከዚህ ትምህርት ቤት ወጥቶ ሶፍያ ድረስ ሄደ። ይህን ሳውቅ ነው አንድ ነገር የገባኝ፤ በፒያኖው ላይ ትዝታን ሲጫወት ጣቱ የሚሄድበት መንገድ ከክራር የመጣ መሆኑ።

መጀመሪያ አንድ ልጅ ቼሎ ይዞ ወጣ። የሚጫወተው ሥራ ሦስት ክፍል አለው። የመጀመሪያው ክፍል ሲያልቅ ከፊሉ ሰው አጨበጨበ፤ ከፊሉ «ሽ!» አለ። ልጁ ቀስቱን እንዳነሣ ቆመና ፈገግ ብሎ ራሱን ዝቅ አደረገ። ልማዱ በክፍሎች መካከል አለማጨብጨብ ነው፤ አውቃለሁ። ግን ያጨበጨቡት እናቶች ልጁ የሠራውን ሰምተው ደስ ስላላቸው ነው ያጨበጨቡት፤ ይበል ማለታቸው ነው። ሦስተኛው ክፍል ሲያልቅ አንዲት እናት እልል አለች።

ከዚያ በገና። ልጅቷ ነጭ ለብሳ፣ ከራሷ የሚበልጥ በገና ተሸክማ መጣች። አሥሩን ጅማት ልትቃኝ መቃኛዎቹን አንድ በአንድ ስታዞር ብዙ ጊዜ ወሰደች። አንዳንዱ ሰው ተጀመረ ብሎ ጸጥ አለ፤ አንዳንዱ አልተጀመረም ብሎ ያወራል። እኔ ቅኝቱን እወዳለሁ። በእያንዳንዱ ጅማት ሥር፣ በርኩማው ላይ፣ እንዚራ የምትባል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ አለች፤ ያ ከደረት ውስጥ የሚመጣ የሚመስል ንዝረት ከእሷ ነው። እንዚራዋ የፀጉር ውፍረት ያህል ብትንሸራተት ጅማቱ ዝም ይላል። ልጅቷ ጎንበስ ብላ በጣቷ ጫፍ እየገፋች ድምፁን ፈለገችው። ከበሮ ይመታል፣ ዋሽንት ይነፋል፣ ነጋሪት ይጎሰማል፣ በገና ግን ይደረደራል እንላለን፤ ነገር በቦታ በቦታው እንደሚያኖር ሰው።

አሁን ልትጀምር ስትል ዝናቡ መጣ። የበልግ ዝናብ ነው፤ አያስጠነቅቅም። ጣራውን መታው፤ መስኮቱን መታው። ማይክሮፎን ቀረበላት፤ በእጇ ምልክት አሳይታ አልፈልግም አለች። እጆቿን ጅማቱ ላይ አሳርፋ ጠበቀች።

እኛም ጠበቅን። 15 ደቂቃ ያህል ይሆናል። ማንም አልወጣም፤ ዝናብ ስለሆነ ነው ትሉኝ ይሆናል፤ ነገር ግን ጃንጥላ የያዙትም አልወጡም። ከደጅ የነበሩት ሊጠለሉ እየሮጡ ገቡ፤ የታክሲ ረዳት፣ ሁለት ሊስትሮዎች ሣጥናቸውን እንዳነገቱ፣ አንድ ዶሴ የተሸከመ ሰው። «ለክብር እንግዶች» የሚለው ረድፍ ብቻ ባዶ ስለነበረ እዚያ ተቀመጡ። ወረቀቱን ያነሣው የለም፤ እነሱንም ያስነሣቸው የለም።

«ማን አስተማራት ይሆን?» አሉኝ ሽማግሌው በሹክሹክታ። እንደማላውቅ ነገርኳቸው። ግን አንድ ነገር አወጋኋቸው፤ በገና ደርዳሪው ዓለሙ አጋ ልጅ ሳለ እንጦጦ አጠገብ ጎረቤቱ የነበሩት አለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል በገና ሲደረድሩ እየሰማ መማረኩን፣ በገናቸውን እየተሸከመ አብሯቸው መሄዱን፣ በኋላም በ1960ዎቹ ያሬድ ትምህርት ቤት ገብቶ በገና ማስተማሩን። «በገና ተሸክሞ!» አሉ። በጣም ደስ አላቸው። «እንዲያ ነው እንጂ። መጀመሪያ መሸከም ነው።»

ዝናቡ ሳሳ፤ ከዚያ ከአሸንዳው የሚወርደው ጠብታ ብቻ ቀረ። ልጅቷ ያኔ ጀመረች። የተደረደረውን ልገልጸው አልሞክርም። ያየሁትን ብቻ ልናገር። ከሊስትሮዎቹ ትንሹ ሣጥኑን ጭኑ ላይ አድርጎ አገጩን ጫነበት። የታክሲው ረዳት ስልኩ ጮኸና ሳያየው አጠፋው። ያቺ በሩ ላይ «ተይው፣ ግቢ» ያለችው ፈታሽ መጥታ ከመዝጊያው ጋር ተደግፋ ቆማ ነበር፤ ቆቧን አውልቃ ይዛዋለች። የሽማግሌው ጃንጥላ ዝም ብሏል።

ስንወጣ መሬቱ ይሸት ነበር። ደረጃው ላይ ያለችው አንበሳ ርሳለች። ሽማግሌው ጃንጥላቸውን ዘርግተው እስከ በሩ አብረን ወረድን፤ ዝናቡ ስላባራ አያስፈልግም ነበር፤ እኔም አላልኩም። ታክሲ መጠበቂያው ጋ ስንደርስ ቆሎ ሻጯ ላስቲኳን እያራገፈች ነበር።

«እትዬ፣ እንዴት ነበር?»

«በገና ነበር» አልኳት።

«ሰማሁት።» ወደ ላይ፣ ወደ ግቢው ጠቆመች። «ዝናቡ ሲያቆም ትንሽ ትንሽ ይሰማ ነበር። ነገስ አለ?»

ምሰሶውን አየሁ። ወረቀቷ ርሳ ቀለሟ ወርዷል፤ የሚነበበው 9 ሰዓት የሚለው ብቻ ነው። ነገ የዋሽንት ተራ እንደሆነ ከአዳራሹ በር ላይ አንብቤ ነበርና ነገርኳት። ሽማግሌው ቆሎ በአንድ ስኒ ገዙና እኩሌታውን በመዳፌ ላይ አፈሰሱልኝ። «ቆሎሽን ለሰው አደራ ብለሽ ነይ» አሏት። «ወንበር እኔ እይዝልሻለሁ።»